«ሰዓት አለው» ሲባል ምን ማለት ነው? የሯጭን መዝገብ ለማንበብ

ሱሉልታ ውስጥ አንዲት ጎረቤቴ ሰርቪስ ቤታቸውን ለአንድ ሯጭ ልጅ ካከራዩ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ልጁን ያመጣላቸው ደላላ፣ «እትዬ፣ አይስጉ፣ ይሄ ልጅ ሰዓት አለው» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም የልጁን ግራ እጅ አየት አደረጉ። ሯጮች ሁሉ የሚያስሯትን ጥቁር የላስቲክ ሰዓት ሲያዩ፣ «አዎ፣ አለው» አሉ። ደላላው ሌላ ነገር ማለቱ እንደነበር የገባቸው ቆይተው ነው።

በቀደም ታዲያ አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው የተከራዩን ስም ስልኳ ላይ ጽፋ ስትፈልግ መዝገቡን አገኘችው። ስሙ፣ የተወለደበት ቀን፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ ቁጥር። ከቁጥሮቹ መሐል አንድ ቦታ፣ ሰዓት በሚጻፍበት ዓምድ ላይ፣ ሦስት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ተቀምጧል፤ ዲ፣ ኤን፣ ኤፍ። «አልጨረሰም ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላቸው። እትዬ ከፋቸው። እኔን አስጠርተው፣ «አንተ የስፖርት ነገር ትጽፍ የለ? ና እስቲ ይህን አንብብልኝ። ልጁ ጀምሮ የሚተው ነው እንዴ?» አሉኝ።

የሳቸው ጥያቄ የብዙ ሰው ነው። በየሰፈራችን ሯጭ አለ፣ የሯጭ ወላጅና የሯጭ አከራይ አለ፣ መዝገቡም በስልክ ይገኛል፤ የሚያነብበው ግን ጥቂት ነው። የልጁን መዝገብ እንዳለ አላወጣውም። የሱሉልታን፣ የቡራዩንና የሰበታን ልጆች ገጽ ስመለከት ስለኖርኩ የብዙዎቹን አደባልቄ ስም የሌለው አንድ ገጽ ሠርቻለሁ። የዲኤንኤፏ መስመር ብቻ የእትዬ ተከራይ የራሱ ናት።

ገጹ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተሮጠ 10 ኪሎ ሜትር፤ 30፡12፣ 34ኛ። ቀጥሎ ቻይና ውስጥ ግማሽ ማራቶን፤ 1፡03፡20፣ 5ኛ። ከዚያ የመጀመሪያ ማራቶኑ፤ 2፡12፡47፣ 6ኛ። ከዚያ ያቺ ዲኤንኤፍ። ከዚያ አሥራ አራት ወር ባዶ። በመጨረሻ ማራቶን፤ 2፡10፡58፣ 3ኛ። በቃ። ለስድስት ዓመት በየንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአልጋው የወረደ ሰው መዝገብ አምስት መስመር ነው።

ደላላው «ሰዓት አለው» ያለው ስለ መጨረሻዋ ዓይነት መስመር ነው። ሯጭ በአንድ ርቀት በሕይወቱ ከሮጠው ሁሉ ፈጣኑ የግል ምርጥ ሰዓቱ ይባላል፤ በገጹ አናት ላይ የሚቀመጠውም እሱ ነው። ማናጀር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ የውድድር አዘጋጅም ግብዣ የሚልከው እሱን አይቶ ነው። ቁጥሩን ወደ ሚታይ ነገር ለመለወጥ ለኪሎ ሜትር ማካፈል ይበቃል። 2፡10፡58 ማለት አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ እየሮጡ አርባ ሁለት ጊዜ ሳያቋርጡ መድገም ማለት ነው። የሰፈር ጎረምሳ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢሮጥ በዚህ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ላይዘልቅ ይችላል። እዚህ ሱሉልታ ግን 2፡10 የሮጠ ሰው ማኪያቶውን ሲጠጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በሌላ አገር የብሔራዊ ቡድን መለያ የሚያስለብስ ሰዓት እኛ ዘንድ የክለብ ደመወዝና የሰርቪስ ቤት ኪራይ ነው።

የምርጥ ሰዓት ችግሩ የአንድ ቀን ነገር መሆኑ ነው። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም፣ መንገዱ ሜዳ ነበር፣ አሯሯጮቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ሆዱም አልረበሸውም። ስለዚህ ዓይን ከአናቱ ወርዶ ወደ መስመሮቹ መግባት አለበት።

ከመጀመሪያው እንነሳ። 30፡12 በ10 ኪሎ ሜትር ለፈረንጅ ማናጀር ተራ ቁጥር ነው። ግን የት እንደተሮጠ ይታይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ልምምድ ሲሠሩበት ደምን ያበረታል፣ ሲወዳደሩበት ግን ሰዓት ይበላል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ከደቂቃ በላይ ቢበላ አይገርምም። በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አሸናፊዎቹ የሚገቡበት ሰዓት አውሮፓ ላይ ከሚሮጠው የሚዘገየው ስለዚህ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውድድር ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ መዝገቡ የተጻፈው በእሱ ስለሆነ።)

ፌዴሬሽናችን ራሱ ይህን ስለሚያውቅ የ10,000 ሜትር የማጣሪያ ውድድር ሆላንድ ሄዶ ሄንግሎ ላይ አዘጋጅቶ ያውቃል። ነገሩ ሲታይ ያስቃል፤ ኢትዮጵያውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር ለመለያየት አውሮፕላን ተሳፍረው ሆላንድ ይገናኛሉ። ምክንያቱ ሚኒማ ነው። ሚኒማ ማለት ለኦሊምፒክ ወይም ለዓለም ሻምፒዮና ለመግባት የሚጠየቀው ሰዓት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሮጦ እሱን ማምጣት እጅግ ይከብዳል። ለተሰንበት ግደይ በሰኔ 2021 የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን በ29፡01.03 የሰበረችው በዚያው ሄንግሎ በተደረገ የኢትዮጵያ ማጣሪያ ላይ ነበር። የተሰበረውን ክብረ ወሰን ሲፈን ሐሰን እዚያው ትራክ ላይ ካስመዘገበችው ገና ሁለት ቀኑ ነበር።

እንግዲህ 34ኛ የወጣው ልጃችን ከማን ኋላ ነው 34ኛ የወጣው? ከዓለም ጠንካራ የ10 ኪሎ ሜትር ሯጮች ኋላ። ደረጃና ሰዓት አብረው ይነበባሉ፤ ሲጣሉ እኔ ብዙውን ጊዜ የማምነው ደረጃን ነው። ሹራ ቂጣታ በጥቅምት 2020 ለንደን ላይ ታላቁ የማራቶን ሯጭ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ 8ኛ በወጣበት ውድድር ያሸነፈው በ2፡05፡41 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ለንደን ሁለተኛ ሲወጣ የገባው በ2፡04፡49 ነበር። ሰዓትን ብቻ የሚያይ ሰው የ2018ቱን ይመርጣል። በ2020 ግን በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ፓርክ ዙሪያ በአጭር መንገድ እየተመላለሱ የተሮጠ ነው፣ ዝናብና ብርድ ነበር፣ ተመልካችም አልነበረም። ያቺ የዘገየች ሰዓት ናት የሕይወቱ ትልቁ ድል።

ሰዓቱ ራሱም ሁልጊዜ አይቆጠርም። የመንገድ ውድድር ለክብረ ወሰን እንዲያዝ የመነሻና የመድረሻው ቦታ በቀጥታ ሲለካ ከውድድሩ ርቀት ግማሽ በላይ መራራቅ የለበትም፤ ቁልቁለቱም በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም። ቦስተን ሁለቱንም አያሟላም። ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በ2011 እዚያ 2፡03፡02 ሮጦ፣ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ፈጥኖ እንኳ፣ ክብረ ወሰን አልተባለለትም። ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ ከሁለት ሰዓት በታች የገባበት 1፡59፡40ም እንደዚያው ነው፤ አሯሯጮች እየተፈራረቁ ስለገቡና ውድድር ስላልነበረ መዝገብ ውስጥ በክብረ ወሰንነት አልገባም። በሴቶች ደግሞ ሁለት ዓይነት ክብረ ወሰን አለ፤ ከወንዶች ጋር በተሮጠ ውድድር የተገኘና ሴቶች ብቻቸውን በሮጡበት የተገኘ። ወንድ አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ነፋስ መስበሩ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የትዕግሥት አሰፋን ገጽ ማየት ይጠቅማል። ትዕግሥት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የተሰለፈችው በዚሁ ርቀት ነው። በመጋቢት 2022 ሪያድ ላይ ማራቶን ሮጣ 2፡34፡01 ገባች። ያን ሳምንት ገጿን የከፈተ ማናጀር ምን ይል ነበር? ከሁለት ዙር ሩጫ የመጣች፣ ማራቶኑ ያልሆነላት ልጅ ብሎ ይዘጋው ነበር። በስድስት ወሯ በርሊን ላይ 2፡15፡37 ገባች፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ቀነሰች። በዓመቱ እዚያው በርሊን በ2፡11፡53 የጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። በ2025 ለንደን ላይ ደግሞ ሴቶች ብቻ በሮጡበት 2፡15፡50 ገብታ የዚያኛውን ክብረ ወሰን ወሰደች። 2፡15፡50ን ከ2፡11፡53 ጋር አነጻጽሮ «ወረደች» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሁለቱ ግን የተለያየ ዓምድ ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ዲኤንኤፍ የምትለዋን ለማስረዳት ደግሞ ከቀነኒሳ በቀለ ገጽ የተሻለ የለም። ሱሉልታ ያለውን የቀነኒሳን ትራክ የማያውቅ የዚህ አካባቢ ሯጭ የለም፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ድርሻ ካለበት ከያያ ቪሌጅ ጋር ሆነው የሩጫ ካርታችን ላይ ምልክቶች ናቸው። የቀነኒሳ ገጽ የትራክ ክፍል የታወቀ ነው፤ 5,000 ሜትር 12፡37.35፣ 10,000 ሜትር 26፡17.53፣ ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆሙ ክብረ ወሰኖች። ለእኔ የሚጥመኝ ግን የማራቶኑ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የተበላሹ ቀኖች ሞልተውበታል።

በሚያዝያ 2014 ፓሪስ ላይ ጀመረ፣ በ2፡05፡04 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ቺካጎ 4ኛ። በ2015 ዱባይ አቋረጠ። በ2016 ለንደን 3ኛ፣ በርሊን በ2፡03፡03 1ኛ። በ2017 ዱባይ አቋረጠ፣ ለንደን 2ኛ ወጣ፣ በርሊን አቋረጠ። በ2018 ለንደን በ2፡08፡53 6ኛ፤ አምስተርዳም ላይ ሊጨርስ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው አቋረጠ። እስከዚህ ድረስ አሥር ጊዜ ተሰልፎ አራቱን አልጨረሰም ማለት ነው። ገጹ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስለ እሱ የምንጽፈው ሌላ ነበር። በመስከረም 2019 በርሊን ላይ 2፡01፡41 ገባ፤ ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ የራቀ።

ያን ቀን የተሮጠውን ቁጥሩ ራሱ ይተርካል። ግማሹን በ61፡05፣ ሁለተኛውን ግማሽ በ60፡36 ነው የሮጠው። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሰና ሲሳይ ለማ ጥለውት ሄደው ነበር፤ እኔም ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ «አለቀ» ካሉት አንዱ ነኝ። እሱ ግን ቀስ በቀስ መልሶ ደረሰባቸው፣ አለፋቸውም። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ሲፈጥን ሯጩ ጉልበቱን አስልቶ ነው የሮጠው ይባላል፤ በማራቶን ይህ ብዙ አይታይም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2024 በአርባ አንድ ዓመቱ ለንደን ላይ በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ 39ኛ ሆነ። ሁለቱ መስመሮች የአንድ ሰው፣ የአንድ ዓመት ናቸው።

ዲኤንኤፍ ከዲኤንኤስ ይለያል። ዲኤንኤስ ስሙ ተመዝግቦ መነሻው ላይ ያልቆመ ሰው ነው። ቀነኒሳ በ2020 ከኪፕቾጌ ጋር ለንደን ላይ ይጋጠማል ተብሎ ዓለም ሲጠብቅ በባት ሕመም ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀረ፤ ይህ ከሽንፈት አይቆጠርም። ዲኪው ደግሞ ሮጦ፣ ጨርሶ፣ የተሰረዘ ነው። በዚህ የኛው ደራራ ሁሪሳ ታሪክ ያሳዝናል፤ በ2021 ቪየና ማራቶንን በ2፡09፡22 አንደኛ ሆኖ ገብቶ፣ ጫማው ሲለካ የሶሉ ውፍረት ከተፈቀደው 40 ሚሊ ሜትር አልፎ 50 ሆኖ ተገኘና ድሉ ለተከታዩ ተሰጠ። ወረቀቱ ላይ የሞላው ጫማ ሌላ፣ ያጠለቀው ሌላ ነበር። ዲኪው የሚለውን ያየ ሁሉ ወዲያው ወደ መድኃኒት እንዳይሄድ ይህን ያስታውስ።

እዚህ ላይ ወደ ጃፓን ልሻገር፤ የታች ተወዳዳሪን መዝገብ እንደ ሱሞ ትግል የሚጠነቅቅለት ስፖርት አላውቅም። ሱሞ በዓመት ስድስት ትላልቅ ውድድር አለው፣ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ቀን። ታጋዮቹ በስድስት እርከን ይደረደራሉ። ላይኛዎቹ ሁለቱ እርከኖች፣ ማኩኡቺና ጁርዮ፣ በየቀኑ ይታገላሉ፣ ደመወዝም አላቸው። ከዚያ በታች ያሉት በአንድ ውድድር ሰባት ጊዜ ብቻ ይታገላሉ፤ ደመወዝ የላቸውም፣ በጥቂት አበልና በካምፑ ምግብ ነው የሚኖሩት። አራት ያሸነፈ በሚቀጥለው ዝርዝር ከፍ ይላል፣ አራት የተሸነፈ ይወርዳል። መዝገቡ ሦስት ቁጥር ነው፤ ያሸነፈው፣ የተሸነፈው፣ የቀረው። ሃቶሪዛኩራ የሚባል የመጨረሻው እርከን ታጋይ ከ2015 እስከ 2021 ታግሎ 3 ጊዜ አሸንፎ 238 ጊዜ ተሸንፏል። ይህን የምናውቀው እያንዳንዷ ሽንፈቱ በቀንና በባላጋራ ስም ስለተጻፈች ነው።

የኛው ልጅስ? ሽንፈቱ ቀርቶ ድሉ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተጻፈም። ለክለቡ የሮጠው አገር አቋራጭ፣ በወረዳና በዞን ያሸነፋቸው፣ አንዱም ገጹ ላይ የለም። ሰበታ ወርዶ በኮሮኮንቹ ላይ ከቡድኑ ጋር የሠራው ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ቡራዩ ጫካ ውስጥ በጭቃ የሮጠው ኢዚ (ቀላል ሩጫ)፣ ትራክ ላይ የሠራው ስፒድ የአሠልጣኙ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሯጮቹ እርስ በርስ የሚጠያየቁት «ኮንዲሽንህ እንዴት ነው?» ብለው ነው እንጂ «ሰዓትህ ስንት ነው?» ብለው አይደለም፤ ትክክልም ናቸው።

ባዶ ወራትም መነበብ አለባቸው፤ ምናልባትም ከቁጥሩ ይልቅ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 አልሮጠችም፤ ልጅ ወልዳ ነው። በ2016 ሪዮ ተመልሳ በ10,000 ሜትር በ29፡42.56 ነሐስ ወሰደች። በ2020 የሁሉም ሰው ገጽ ይሳሳል፤ ኮሮና ነው። በትግራይ ክለቦች ይሮጡ የነበሩ ወጣቶች ገጽ ላይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት የሚታየው ባዶነት ጦርነት ነው። የእኛ ልጅ አሥራ አራት ወር ደግሞ በዚህ አካባቢ ተራ ነገር ነው፤ የታፋ ጅማት ሊሆን ይችላል፣ ቪዛ መከልከል ሊሆን ይችላል፣ ማናጀር መቀየርም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ባዶውን ያሳያል፣ ምክንያቱን አይነግርም። ከባዶው በኋላ የመጣችው 2፡10፡58 ግን ከበፊቱ በ1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ትፈጥናለች፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት እግሩ አልተኛም።

ስምና የልደት ቀንን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። የፈረንጅ መዝገብ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዝ ብዙነሽ በቀለ ከቀነኒሳ በቀለ ጋር «በቀለ» ሥር ተደርድራ ትገኛለች፤ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም። ታሪኩ በቀለ ግን እውነትም ወንድሙ ነው። አንዱ ስም በፈረንጅ ፊደል ሦስት ዓይነት ሲጻፍ የአንድ ሰው ውጤት ሁለት ገጽ ላይ ይበተናል፣ ወይም የሁለት ሞክሼዎች ውጤት አንድ ገጽ ላይ ይከማቻል። የልደቱም ቀን ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ሊዛነፍ ይችላል። የፈለጋችሁትን ሰው ገጽ መክፈታችሁን አረጋግጡ።

ስለ ዓለም ደረጃ ነጥብ ብዙ አልልም። የማራቶን ሯጭ ነጥብ ከሁለት ጥሩ ውጤቶቹ አማካይ ይሠራል፤ ለሰዓቱም ለደረጃውም ይሰጠዋል፣ ትልቅ ውድድር ላይ ከሆነ ይበልጣል። ለፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ሚኒማ 2፡08፡10 ነበር፤ ያን የሮጠ ኢትዮጵያዊ ግን ወረፋ ነው፣ አገር ደግሞ ከሦስት ሰው በላይ አታሰልፍም። የልጃችን 2፡10፡58 ከዚህ ወረፋ ኋላ ናት።

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። ስልኩን ከልጅቷ ተቀብዬ ከልጁ ገጽ ዲኤንኤፍ ወደተጻፈበት ውድድር ውጤት ገባሁ። እዚያ በየ5 ኪሎ ሜትሩ የተያዘ ሰዓት አለ። 15፡03፣ 15፡04፣ 15፡02፣ 15፡03፣ 15፡03፣ 15፡03። በ30ኛው ኪሎ ሜትር 1፡30፡18፣ ከዚያ በኋላ ምንም።

«ይኸው» አልኳቸው። «የታመመ ወይም የደከመ ሰው እንዲህ አያቋርጥም። እሱ መጀመሪያ 15፡10 ይሆናል፣ ከዚያ 15፡40፣ ከዚያ 16፡55፣ ከዚያ ይቆማል። ይሄ ልጅ ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እየቆጠረ ሄዶ ልክ ሠላሳ ላይ ወጣ። አሯሯጭ ነበር።»

አሯሯጭ ማለት ሌሎች እንዲፈጥኑ ከፊት ሆኖ ልክ በታዘዘው ፍጥነት የሚጎትት፣ የተዋዋለበት ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወደ ዳር የሚወጣ ሯጭ ነው። ደረቱ ላይ ቁጥር ሳይሆን ብዙ ጊዜ «ፔስ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል። ነፋስ የሚሰብረው እሱ ነው፣ ፎቶ ላይ የሚቀረው ግን ከኋላው ያለው። ክፍያው በውል የታወቀ ነው፤ ፍጥነቱን ከጠበቀ ይከፈለዋል፣ ካዛነፈ ይቀነስበታል። ማናጀሩ እንደተለመደው 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል፣ የቀረው የራሱ ነው። 6ኛ ወጥቶ ከሚያገኘው ሊበልጥም ይችላል። መውጣት ግዴታ አይደለም፣ ጉልበት ከተረፈው መጨረስ ይችላል፤ በ1994 ሎስ አንጀለስ ላይ ፖል ፒልኪንግተን፣ በ2000 በርሊን ላይ ኬንያዊው ሳይመን ቢዎት አሯሯጭ ሆነው ጀምረው አሸንፈው ገብተዋል። አብዛኛው ግን ይወጣል። መዝገቡም ለአሯሯጭ የሚሆን ፊደል ስለሌለው ዲኤንኤፍ ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይጽፈውም።

እትዬ ዝም ብለው አዳመጡኝ። «መቼ ነበር የሮጠው?» አሉ። ልጅቷ ስልኩን መልሳ አየችና ቀኑን ወደኛ ቆጥራ፣ «የመስከረም መጨረሻ ነው፣ እማዬ» አለች። እትዬ ጣታቸውን አጠፍ አጠፍ አድርገው ወደ ኋላ ቆጠሩ።

«በጥቅምት ሚካኤል ሰሞን» አሉ፣ «ከውጭ መጥቶ የስድስት ወር ኪራይ አንድ ላይ የሰጠኝ ያኔ ነው።»